አርባ አንድ ሪቬት

ኅዳር 6

ኢናስ ከሊፋ የውድድሩን ማጣሪያ አልፋለች። ከስምንቱ አንዷ ናት። የመጨረሻው ሥራ እስከ መጋቢት 20 አዲስ አበባ መግባት አለበት።

ጧት የጓሮውን አጥር ጠገንኩ። ከሰዓት ከሞጣ ተደወለ። «ጋሼ፣ ስሜ አለ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም «ጎሽ» ከማለት በቀር ቃል ጠፋኝ። ዕድሜዬን በቃል ስነግድ የኖርኩ ሰው...

ነገሩ እንዳይረሳኝ ልጻፈው። ኢናስ ሞጣ ላይ ስልክ ትጠግናለች። የተዋወቅነው ዓምና ስልኬ ተበላሽቶ ነው። መደርደሪያዋ ላይ፣ በቻርጀሮቹ መካከል፣ አንድ ስንዝር የምታህል የጦር አውሮፕላን ቆማ ነበር። መጫወቻ መሰለችኝ። «ለልጅ ልጄ ትሸጭልኛለሽ?» አልኳት። «ጋሼ፣ ይቺ አምስት ወር ፈጅታብኛለች» አለች። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ደህና ቢሆንም እሄዳለሁ።

አሁን አዲስ አበባ ላይ በዝግጅት ላይ ያለ አንድ ቤተ መዘክር የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪ ይፈልጋል። ቋሚ ሥራ ነው፤ የሚቀጠረው አንድ ሰው ብቻ። ለስምንቱም አንድ ዓይነት ኪት፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል፣ ተልኳል፦ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት፣ በአንድ ለአርባ ስምንት መጠን። ሁሉም የሚሠሩት ያንኑ አንድ አውሮፕላን ነው፣ ከአንድ የቆየ ፎቶ ላይ። ከፎቶው ጋር የማይስማማ ነገር ነጥብ ያስቀንሳል።

አባቷ አቶ ከሊፋ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ቃሉ አጭር ነው፦ «ካሸነፈች ትሂድ። ካላሸነፈች ፕላስቲኩን ትታ ሱቁን ትረከበኝ።» እሷም ተስማምታለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው።

ኅዳር 9

ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ከፍቼ አየሁት። ተቀመጥኩ።

እኔ ያዘጋጀሁት የጋዜጣ ገጽ ነው! በሰባዎቹ መጀመሪያ የታተመ። አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ከጄቱ ጎን ቆሞ፣ እጁን አሁን በሪቬት፣ በብረት ማያያዣ ምስማር፣ መትቶ በጨረሰው የብረት ልጣፍ ላይ አሳርፎ። ክፈፉ ጠባብ ነው፤ የአየር ማስገቢያው፣ የክንፉ ሥር፣ ልጣፉ፣ ሰውዬው። ቁጥርም ጽሑፍም አይታይም። ሰውዬው ፋንታ ነው፣ የቢቸና ልጅ፣ ነፍሱን ይማረው። ከቀረቡልኝ አሥራ ምናምን ፎቶዎች ይህን የመረጥኩት ያገሬ ልጅ ስለሆነ ነው። ያኔ ምክትል ገጽ አዘጋጅ ነበርኩ፤ ጢሜ እንኳ በደንብ አልበቀለም።

የጋዜጣውን ቁራጭ ከሣጥን አወጣሁት። ባለቤቴ ባንቺዓለም ከበሩ ሆና ትመለከተኛለች።

«አርባ ምናምን ዓመት ከአይጥ ስጠብቅልህ የኖርኩት ለዚህ ኖሯል?»

«ለዚህ ነው።»

«እንኳንም በጠበቅሁት። ከእኔ ፎቶ ይልቅ እሱን ስታይ ነው ፊትህ የሚፈታው።»

ኅዳር 14

ሞጣ። ቁራጩን በካርቶን መካከል አድርጌ ወሰድኩላት። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ ነው የተቀበለችኝ። በአጉሊ መነጽሯ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጋሼ፣ እነሱ የላኩት ቅጂ ላይ ልጣፉ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። እዚህ ግን ሪቬቶቹ ይቆጠራሉ።»

ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት። ደግማ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት።

«ሙሉ በሙሉ ልመነው?»

«በእኔ እጅ ያለፈ ገጽ ነው» አልኳት።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

ኪቱ ስህተት አለበት። ይዞት የመጣው አፍንጫ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ኋላ የተሠሩት አውሮፕላኖች እንደዚያ ናቸው አለች። የእኛዎቹ ሾጠጥ፣ ክብ። ከሌሎች ሦስት ፎቶዎች አረጋግጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ፎቶው ላይ አፍንጫው አይታይም» ብሎ ይተወዋል።

ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚደፍኑበትን ስቱኮ በመርፌ ጫፍ እየቀባች፣ እስኪደርቅ እየጠበቀች፣ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀች... ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። አንዴ ትፍቃለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች። «ዓይን ይሸወዳል ጋሼ። ጣት ግን ጉብታውን ያገኘዋል።»

በመካከሉ ደንበኛ ይገባል። «እትዬ፣ ቻርጅ አይዝም።» ወረንጦውን አስቀምጣ ስልኩን ትፈታለች፣ ታክማለች፣ ትመልሳለች። ከዚያ ወደ አፍንጫው። ፊቷ ላይ ምንም መቆራረጥ አይታይም። እኔ በዜና ክፍል ስልክ ሲጮህ አንድ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ እጀምር ነበር።

ኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሰው ስህተት በቀይ አስምሬ ስፈርም የሚሰማኝ ነገር ነበር... ኩራት ልበለው? እሷ ያረመችው ቦታ ላይ ቀይ መስመር የለም። የተነካም አይመስልም።

ታኅሣሥ 19

«አፍንጫው አለቀ» ብላ ጻፈችልኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ ለአንድ አፍንጫ።

ጥር 8

ልጣፉ ዛሬ ተለጠፈ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ያንሳል። ከመድኃኒት ማሸጊያ ፎይል ነው የቆረጠችው። ሠላሳ ስምንቱን ሪቬት ከጀርባ በመርፌ ጫፍ እየጫነች አወጣቻቸው፣ እኩል ተራርቀው። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶባት ሦስት ጊዜ እንደገና ቆርጣለች። በአራተኛው፣ ከአየር ማስገቢያው ኋላ፣ በቀኝ ጎን፣ ልክ በፎቶው ቦታ።

አቶ ከሊፋ ገብቶ ከኋላችን ቆመ።

«ደህናውን ቀዳዳ ትደፍኚ ነበር፤ ጭራሽ ያልተቀደደውን መለጠፍ ጀመርሽ?»

«ፋብሪካ የሠራውን ማንም ይሠራዋል አባዬ። ይሄን የሠራው አንድ ሰው ነው።»

እሱ ወደ እኔ ዞሮ፦ «አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ በዚህ እጇ ጥልፍ ብትጠልፍ እኮ ሱቄን ሁለት ባደረገው ነበር።» ግን መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። ቆየ። «አንዷ ሪቬት ትንሽ ዝቅ ብላለች» አለ።

«ፎቶው ላይም ዝቅ ብላለች።»

አየ። ሲወጣ ጋቢውን ሲያስተካክል ፈገግ ብሎ አየሁት።

ጥር 27

ቀለም። ከአሮጌ ፍሪጅ በወጣ ኮምፕሬሰር ነው የምትረጨው፤ ራሷ አገናኝታዋለች። ቀለሙን በአኳራጅ ታቀጥነዋለች። ቡናማውንና አረንጓዴውን የምትቀላቅለው በጠብታ ነው፣ ስንት ጠብታ ከስንት እንደሆነ በደብተር ይጻፋል። ለምን? «አንድ ቀን መድገም ካስፈለገኝ» አለች። በአንድ ጊዜ አትቀባም። ጭጋግ የመሰለ ስስ ቀለም፣ ዕረፍት፣ እንደገና ጭጋግ። አራተኛው ላይ ፕላስቲኩ ጠፋና ብረት ሆነ። ዓይኔ እያየ!

በሕይወቱ ኤፍ-5 አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው እንዴት የብረትን ክብደት ያውቃል?

የካቲት 11

ዛሬ የቀረው ፋንታ ብቻ ነበር። ቁመቱ ከትንሿ ጣቴ ያነሰ የፕላስቲክ ሰው፣ ከኪቱ ጋር የመጣ። ፊቱን ቀብታዋለች። ልብሱ ላይ ደርሳለች።

«ጋሼ፣ ድሮ የወንድ ሸሚዝ ኪሱ በቀኝ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ በግራ ነው።»

«ኪቱም በግራ ነው የሰጠኝ። ፎቶው ላይ ግን በቀኝ ነው። ፍቄ ወደ ቀኝ አዛወርኩት።»

የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ኪስ። አሳየችኝ፤ ደስ ብሏታል። ፎቶውን ተቀብዬ አጉሊውን አስጠጋሁ። ኪሱ በቀኝ። ሰዓቱ በቀኝ እጁ። ቁልፎቹ የሴት ልብስ ይመስል በተቃራኒው የተደራረቡ።

ለአዲስ ገቢዎች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ... ፎቶ ተገልብጦ እንደሆነ ለማወቅ ቁልፍ ተመልከቱ፣ ኪስ ተመልከቱ።

ለእሷ ግን አልነገርኳትም። «ጥሩ አድርገሻል» ነው ያልኩት። እንዲህ ብዬ ወጣሁ!

ግንደወይን ላይ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ያወራል፣ ያማርራል። እኔ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነገሩ ሁሉ መጣልኝ። ፎቶው የተመደበው በገጹ ግራ ጠርዝ ነበር። ፋንታ ወደ ግራ ያያል፣ ከገጹ ወጥቶ የሚሄድ ይመስላል። የሙያው ልማድ ደግሞ ሰው ወደ ጽሑፉ ይይ ነው። ገጽ አቀናባሪው ወልደ ኪዳን ሌላ ቦታ እንፈልግለት አለኝ። ጊዜ የለም አልኩት። በፎቶው ጀርባ በቀይ እርሳስ ጻፍኩ፦ «ይገልበጥ»።

የእኔ እጅ ነው። የማንም አይደለም።

ልጣፉ በግራ ጎን ነበር።

የካቲት 12

ትዝታ ሊያሳስት ይችላል። ማስረጃ ያስፈልጋል።

የካቲት 13

እትዬ ውበቴ ዘንድ ሄድኩ። የፋንታ ባለቤት። ቤቷ ከእኛ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ካረፈ ወዲህ የገባሁት ለሙት ዓመቱ ብቻ ነበር። እሱም ያሳፍራል።

ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው፣ በመስታወት። ፎቶ አንሺው ያኔ ለፋንታ የሰጠው ዋናው ቅጂ። ፋንታ ወደ ግራ ያያል። ኪሱ በግራ። ልጣፉ በአውሮፕላኑ ግራ ጎን።

«እትዬ፣ ጋዜጣው ላይ ተገልብጦ እንደወጣ ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ! ፋንታ ሲያየው በሳቅ ሊሞት! ‹ሀብቴ ቀኙን ግራ አድርጎ ሠራኝ› እያለ ለሰው ሁሉ አሳየ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«የመንግሥት ጋዜጣ! ማን ደፍሮ ተሳስታችኋል ይላል? ደግሞ አንተ ስትመጣ ደስ ብሎህ ነበር፤ ደስታህን ማን ይቀማሃል።»

ሁሉም ያውቅ ነበር። ከእኔ በቀር።

ዋናው ቅጂ ላይ ሌላም ነገር አለ። እኔ ከሥር የቆረጥኩት ጠርዝ። ልጣፉ ወደ ታች ትንሽ ይወርዳል። ሦስት ሪቬቶች ተጨማሪ። አርባ አንድ ናቸው።

የካቲት 15

በጸጥታ ላስላው።

ለውድድሩ ኮሚቴ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ ጥር 30 አልፏል። ሌሎቹ ሰባት ተወዳዳሪዎች በቀኝ ይሠራሉ። ዳኞቹ በእጃቸው ያለው ፎቶ በቀኝ ነው። ኢናስ አሁን ባለችበት ብትቆም ሥራዋ ልክ ነው። ብታርመው ከሁሉም የተለየች፣ በዳኞቹ ዓይን የተሳሳተች ትሆናለች። ከተሸነፈች ደግሞ ሱቁን መረከብ አለ።

ዝም ብል ማን ይጎዳል?

ይህን ሁሉ ለባንቺዓለም ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝ።

«የፈራኸው ለልጅቷ ነው?»

«ለእሷ ነው።»

«ለስምህስ?»

ድስቱን ተመለከትኩ።

«የአንድ ሰው ስም ‹አበበ› የሚለውን ‹አበብ› ብሎ ያሳተመውን ልጅ ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣኸው አንተ አይደለህም? ሂድና ንገራት። ሞዴሉ የእሷ ነው። ስህተቱ ያንተ ነው። ሁለቱን አታቀላቅል።»

የካቲት 18

ነገርኳት።

ቆሜ ነው የነገርኳት። የዋናውን ፎቶ ምስል በስልኬ አሳየኋት። ወንበሩን አልሳበችልኝም። ስልኩን ወሰደች፣ ምስሉን አጎላች፣ ልጣፉ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየቆጠረች ነው።

«አርባ አንድ» አለች።

«አዎ።»

«ኪሱን ሳሳይዎት ገብቶዎት ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ከሰባት ቀን በፊት።»

«ከሰባት ቀን በፊት።»

«ልመነው ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር፣ ጋሼ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

ሞዴሉን በጨርቅ ሸፈነችው። «ዛሬ ቀደም ብዬ ልዝጋ» አለች። ይሂዱ ማለቷ ነው። ሄድኩ።

የካቲት 21

አቶ ከሊፋ ደወለ።

«ጋዜጠኛው! ልጄ ሦስት ቀን አላዋራችኝም። ምን አደረግሃት?»

ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ሌሎቹ ሰባቱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ዳኞቹስ?»

«እነሱም።»

«እንግዲህ ብትተወው ልክ ነው፣ ብታርመው ስህተት ነው ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

ከጀርባው የገበያ ድምፅ ይሰማል፣ አንዲት ሴት የነጠላ ዋጋ ትከራከራለች። «ወላሂ፣ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ተገልብጦ የተሰፋ ጨርቅ ይፈታል እንጂ ለባሹ አይገለበጥም። ግን ይህን አልነግራትም። ምከራት ካልከኝም አልመክራትም። ራሷ ትወስን።»

ሊዘጋ ሲል ጨመረ፦ «ሱቁን ትረከባለች ብዬ ነበር። ያኔ ሥራዋን ጎንበስ ብዬ አላየሁትማ። አሁን እንዳትረከበኝ ነው ዱዓ የማደርገው። ይህን የምልህ ግን ቃሌን ላጥፍ ብዬ አይደለም። ቃል ቃል ነው።»

የካቲት 24

መልእክት፦ «ጋሼ፣ ዋናውን ፎቶ በአካል ማየት አለብኝ። ነገ እመጣለሁ።»

የካቲት 25

መጣች። ሞዴሉን በሣጥን፣ በጥጥ ተደግፎ፣ ጭኗ ላይ ይዛ። ከሞጣ እስከ ቢቸና አንዴም ለሰው አላስያዘችም። እትዬ ውበቴ ቤት ወሰድኳት።

ኢናስ ፎቶው ከግድግዳ እንዲወርድ አልጠየቀችም። ወንበር ላይ ወጥታ ባለበት አየችው፣ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ወርዳ ሣጥኑን ከፈተች።

እትዬ ውበቴ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ያየችው አውሮፕላኑን አይደለም።

«ይሄ ማነው?»

«ጋሽ ፋንታ ናቸው።»

«ኧረ ወዲያ! የእኔ ፋንታ እንዲህ ቀጭን አልነበረም! ምነው አስራብሽብኝ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ኢናስ ግን በደብተሯ ጻፈች። በእርግጥ ጻፈች፦ «ወገቡ ይወፍር።»

«ልጄ» አለች እትዬ ውበቴ፣ «እሱ ስለዚህ ልጣፍ ሲያወራ አይደክመውም ነበር። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሷል ይል ነበር። ይቆጥር ነበር። ሰማይ ላይ ያለው አብራሪው ነው፣ ሰውም የሚያውቀው አብራሪውን ነው። ፋንታ ግን ማታ ተኝቶ ‹ይዛለች› ይላል። ሪቬቶቹን ማለቱ ነው።»

ኢናስ ሞዴሉን መልሳ በጥጥ ደገፈችው። ወደ መናኸሪያው ስሸኛት ግን አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ እተወዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ማንም አያውቅም ብዬ። ከዚያ በቀኝ ያለውን ልጣፍ ሳየው... እጄ እንቢ አለ። አሁን ደግሞ ሴትዮዋን አየሁ።»

«ልትሸነፊ ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ። እርስዎም ለኮሚቴው ይጽፋሉ። በስምዎ፣ በፊርማዎ። ብቻዬን የተሳሳትኩ አልምሰል።»

«እጽፋለሁ።»

የቀራት ሃያ አምስት ቀን ነው።

መጋቢት 6

ሞጣ። ሁለታችንም ጿሚ ነን፤ ሻይ እንኳ የለም፣ ሥራ ብቻ።

አሮጌውን ልጣፍ በቀጭን ምላጭ አነሣችው። ሥሩ የቀረውን ሙጫ ፋቀች። በቀኝ ጎን የነበረውን ሁሉ፣ ከልጣፉ ኋላ የቀባችውን የዘይት ዕድፍ ሳይቀር፣ አጠፋች። ከዚያ ከባዱ መጣ። የተፋቀውን ቦታ ብቻ መቀባትና ቀለሙ ከድሮው ጋር እንዳይለይ ማድረግ። ደብተሩን ገለጠች። የቡናማው ጠብታ ስንት፣ የአረንጓዴው ስንት። ቀላቀለች። ረጨች። ደረቀ።

ተለየ። ለጥቂት፣ ግን ይለያል።

«ወር ሙሉ ብርሃን አግኝቶታል፤ አንጥቶታል» አለች። አንድ ጠብታ ነጭ ጨመረች። በቁራጭ ፕላስቲክ ሞከረች። ግማሽ ጠብታ። ግማሽ ጠብታ እንዴት ይለካል? በመርፌ ጫፍ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቦታውን አሳዪኝ ብላት ራሷም ፈልጋ ነው ያገኘችው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ አለመቆጣቷ ነው። ሁለት ወር የለፋችበትን እያጠፋች እጇ አይከብድም። ፊቷ ልክ አፍንጫውን ስትሠራ እንደነበረው ነው።

መጋቢት 15

አዲሱ ልጣፍ በግራ ጎን ነው። አርባ አንድ። አንዷ ዝቅ ብላለች። የታችኛው ጠርዝ፣ እኔ ቆርጬ የጣልኩት፣ ቦታውን አግኝቷል። ፋንታ ኪሱ ወደ ግራ ተመልሷል፤ ወገቡም ወፈር ብሏል።

የበፊቱ ጥሩ ነበር። ይህኛው የተሻለ ነው። ከፎቶ የተሠራ ሳይሆን ከሰውዬው የተሠራ ይመስላል።

መጋቢት 17

ደብዳቤዬን ጨረስኩ። ስድስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ነበር፤ ስለ ዘመኑ ችኮላ፣ ስለ ገጽ አቀማመጥ ልማድ፣ ስለ ወልደ ኪዳን... ሰበብ ሁሉ። ቀደድኩት። የቀረው ይኸው፦

«ለተወዳዳሪዎች የተላከው ፎቶ የተወሰደው እኔ ካዘጋጀሁት የጋዜጣ ገጽ ነው። ፎቶው እንዲገለበጥና ከሥር እንዲቆረጥ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጣፉ የነበረው በአውሮፕላኑ ግራ ጎን ነው፤ ሪቬቶቹም አርባ አንድ ናቸው። ዋናው ቅጂ ቢቸና፣ በሟቹ ባለቤት እጅ ይገኛል፤ ምስሉ ተያይዟል። ኢናስ ከሊፋ ስህተቱን ከእኔ የሰማችው የካቲት 18 ነው።»

ፈረምኩ። የሌላ ሰው ስህተት የሚያርሙ አጫጭር ማስታወሻዎች በመቶ ጽፌያለሁ። የራሴ ይህ የመጀመሪያው ነው። ባንቺዓለም አንብባ «አጠረ» አለች። ከእሷ ይህ ምስጋና ነው።

መጋቢት 20

ሞዴሉ ገባ። ይዞት የሄደው አባቷ ነው፣ አቶ ከሊፋ ራሱ፣ በአውቶቡስ። «ወንበሩ የሁለት ሰው ነው ብዬ ለሞዴሉም ቦታ ያዝኩለት» አለኝ በስልክ። «ጎረቤቴ ምንድነው ሲለኝ ምራቴ ናት አልኩት።»

ሚያዝያ 4

ከኮሚቴው ተደወለ። ጸሐፊዋ፣ ብሩክታይት የምትባል። ጥሩ፣ ጠንቃቃ ድምፅ።

«አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ደብዳቤዎን አንብበናል። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ያ ፎቶ እኮ የዐውደ ርእያችን ዋና ምስል ነው። በትልቁ ታትሟል።»

«ገባኝ።»

«ሰባቱ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ብቻ ይለያል።» ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «ደንቡን ከተከተልን የተለየው ይወድቃል። እርስዎ ልክ ከሆኑ ደግሞ... ሰባቱ ናቸው የተሳሳቱት፣ ያሳሳትናቸውም እኛ ነን። ሁለቱም ይከብዳል። ግማሾቹ ዳኞች በስልክ በተነሣ ምስል አናምንም ብለዋል፤ ምስል ማንም ይገለብጣል አሉ።»

እውነታቸውን ነው። እኔም ገልብጫለሁ።

«ዋናው ቅጂ በአካል ይቅረብ» አለች። «ሚያዝያ 18 ተሰብስበው ይወስናሉ።»

ሚያዝያ 6

እትዬ ውበቴ ዘንድ። ፎቶውን በአደራ እንድትሰጠኝ ለመንኩ።

«አይሆንም።»

«እትዬ፣ በጥንቃቄ...»

«አንዴ እጅህ ቢገባ ገልብጠህ አወጣኸው!» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወች። «ባሌ ብቻውን አይሄድም። ከሄደ ከእኔ ጋር ነው።»

«አዲስ አበባ ድረስ? ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴን ጠየቅሁህ? መቼ ነው ያልከው?»

ሚያዝያ 16

ነገ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን።

ኢናስና አባቷ ዛሬ ከሰዓት ከሞጣ ገቡ። ኢናስ እትዬ ውበቴ ዘንድ ታድራለች፤ ፎቶውን ከግድግዳው እንድታወርድ እሷ ተፈቅዶላታል። በጥጥ ጠቅልላ፣ ሞዴሉ ሲሄድ ባደረገችው ዓይነት ሣጥን አሸገችው። አቶ ከሊፋ እኛ ዘንድ ነው። ከባንቺዓለም ጋር ስለ ጨርቅ ይከራከራሉ፤ እያሸነፈችው ነው።

ለእራት እኛ ቤት ስትመጣ ኢናስን ጠየቅኋት። እንዲያው ባይሆንስ?

«ሱቁን እረከባለሁ። ቃል ነው።» አክላም፦ «ሌላ ሞዴል ግን ጀምሬያለሁ፣ ጋሼ። ለሱቁ መስኮት። አባቴ እሺ ብሏል።»

አቶ ከሊፋ ከወዲያኛው ክፍል፦ «እሺ አላልኩም! ላስብበት ነው ያልኩት!»

ከዳኞቹ ፊት እንድናገር ተፈቅዶልኛል፣ አምስት ደቂቃ። ምን እንደምል አልጻፍኩም። ከዚህ በፊት ሳልጽፍ ተናግሬ አላውቅም። ለአንድ ጊዜ እንደዚያ ይሁን... ተነሥቼ እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራዋ ይናገረው።

ስብሰባው ሚያዝያ 18፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ነው። ውሳኔውን በዚያው ዕለት ከሰዓት እናሳውቃለን ብለዋል።